ማነቆው የተፈታ ጊዜ

ከወደቡ የሚመጣው መንገድና ከሲሚንቶ ፋብሪካው የሚወርደው መንገድ ከተማው አፋፍ ላይ ይገናኙና፣ አንድ ላይ ሆነው በገበያውና በወንዙ ድልድይ መካከል ባለች ጠባብ መተላለፊያ ይገቡ ነበር። ያቺን መተላለፊያ ሰዉ «ማነቆ» ይላታል። ስም ማውጣት ያውቅበታል። ጠዋት ጠዋት ተሳቢ የሚጎትተው ከባድ መኪና፣ አውቶቡሱ፣ ታክሲው፣ የእጅ ጋሪው ሳይቀር እዚያች ላይ ይተናነቅና ወደፊትም ወደኋላም የማይባልበት ሰዓት ይመጣል። ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ይወርዳል፤ ፊቱን ይታጠባል፤ በጎን መስታወቱ እያየ ጢሙን ይላጫል። «ማነቆ ላይ ተዋውቀው ድልድዩን ሳይሻገሩ የተጋቡ አሉ» እየተባለ ይቀለድ ነበር።

የማነቆው አፍ ላይ የጋሽ ጎማ ጎሚስታ ነበረች። ጋሽ ጎማ እናቱ ያወጣችለት ስም እንዳለው የታወቀ ነው፤ ግን በዚያ ስም ቢጠሩት እሱ ራሱ አይዞርም ነበር። ሹፌሮች የሚወዱት ለአንድ ነገር ነው፤ ሰልፉ እንደቆመ ክሪኩን ከመኪናው ሥር ያስገባል፣ ጎማውን ይፈታል፣ ይለጥፋል፣ ይመልሳል፤ ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ሹፌሩ ተራው ሳያመልጠው ይነዳል። በመኪኖቹ መሐል ደግሞ ታናሽ እህቱ ፔርሙስ ተሸክማ «ትኩስ! ትኩስ!» እያለች ሻይ ትሸጣለች። ባሏ ከሞተባት ወዲህ ኑሮዋ ይኸው ነው። ስሟ «እትዬ ትኩስ» ሆኖ ቀረ። ምላሷም እንደ ሻይዋ ያቃጥላል። አንድ ጊዜ ሻዩ ቀዝቅዟል ያላትን ሹፌር፣ «ሲቀዳማ ትኩስ ነበር፤ አንተ ነህ እስክትጠጣው ድረስ ያረጀኸው» ብላ ማነቆውን ሁሉ ስታስቅ ዋለች።

የጋሽ ጎማ ቤት ከጎሚስታው ጀርባ ነው። ሚስቱና አንዲት ልጁ የመኪና ጭስ ሲተነፍሱ ኖሩ። ልጅቱ ምንም አልሆነችም። የእናትየዋ ደረት ግን እያደር ጠበበ፤ ቤት ስትጠርግ ትቆማለች፣ ልብስ ስታሰጣ ትቆማለች፤ በኋላም ስታወራ መሐል ላይ ቆማ ትንፋሽ መጠበቅ ጀመረች። ሐኪሙ አስም ነው አለ፤ ከጭስ ራቁ አለ። ወዴት ይራቁ?

ልጅቱ ሁለተኛ ደረጃ ልትጨርስ በተቃረበችበት ዓመት እናትየዋን አንድ ጠዋት ክፉኛ አፈናት። የጎረቤት ታክሲ ላይ አሳፈሯት። ሆስፒታሉ ከድልድዩ ማዶ ነው፤ ከማነቆው ሆነው ቢያዩ የመስኮቱ መጋረጃ ቀለም እንኳ ይለያል። ታክሲው ጥቂት ሄዶ ቆመ። ከፊቱ ሲሚንቶ የጫነ ተሳቢ፣ ከኋላው አውቶቡስ፣ በግራው ግንብ፣ በቀኙ ገበያ። ጋሽ ጎማ ወርዶ የሚያውቃቸውን ሹፌሮች ሁሉ በር እየደበደበ ለመናቸው። አንድም እንቢ ያለው አልነበረም። ግን ሰው ቢፈቅድ ብረት በየት ይለፍ? እንሸከማት ብሎ ሲመለስ ሚስቱ በልጇ ጭን ላይ እንዳለች አርፋለች። ልጅቱ አላለቀሰችም። እጇን ከእናቷ አፍንጫ ፊት አድርጋ ትንፋሽ ትጠብቅ ነበር። ተሳቢው መኪና ሲንቀሳቀስ ከኋላ ያለው አውቶቡስ ጥሩምባ ነፋባቸው።

ያቺ ልጅ ናት በኋላ መሐንዲስ የሆነችው። ለምን መንገድ መረጥሽ ብሎ የጠየቃት ሰው የለም፤ መልሱን ሁሉም ያውቀዋል። ተምራ ስትመለስ የወረዳው መንገድ ጽሕፈት ቤት ተቀጠረች፤ የመጀመሪያ ሥራዋም ማነቆውን ማጥናት ሆነ። ቆጣሪዎች አቁማ የሚገባውንና የሚወጣውን መኪና በዓይነት በዓይነቱ አስቆጠረች። የወደቡ በር የሚከፈትበት፣ ፋብሪካው ጭነት የሚለቅበትና ተማሪ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄድበት ሰዓት አንድ ላይ እንደሚጋጠሙ አሳየች። ገበያ በሚውልበት ቀን ሰልፉ እስከ መቃብር ቦታው እንደሚደርስ አሳየች። ከሁሉም በላይ፣ ከሚያልፈው ከባድ መኪና አብዛኛው ከተማው ውስጥ አንዳች ጉዳይ እንደሌለው፣ ሌላ መንገድ አጥቶ ብቻ እንደሚገባ አሳየች። እና ከከተማው ጀርባ፣ በኮረብታው ወገብ፣ አዲስ ማለፊያ መንገድ ይሠራ ብላ አቀረበች። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። መጨረሻ ላይ ተፈቀደ።

የተፈቀደ ቀን ማታ ለአባቷ ነገረችው። ጋሽ ጎማ ጥፍሩ ውስጥ የገባውን ጥቁር ቅባት በሚስማር እያወጣ ሰማት።

«እና መኪናው ሁሉ በዚያ ሊሄድ ነው?»

«ከባዱ ሁሉ፣ አባዬ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

ሚስማሩን አስቀመጠ። «እናትሽ እያለች ቢሆን ጥሩ ነበር» አለ።

እትዬ ትኩስ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «እኛስ? ከእግረኛ ጎማ ሊፈታ ነው ጋሼ?» አለች።

«አክስቴ፣ ለእናንተ ቦታ አለ» አለች መሐንዲሷ። «አዲሱ መንገድ ላይ የከባድ መኪና ማቆሚያ ሠርተናል፤ ፕላኑ ላይ አለ። ለጎሚስታ፣ ለሻይ፣ ለምግብ የሚሆን ቦታ። መብራት አለው፣ ውኃ አለው። ማነቆ ላይ የነበሩት ቅድሚያ ያገኛሉ።»

«መብራት አለው ትላለች» አለች አክስቷ፣ ወንድሟን ጎሸም አድርጋ። «በስተርጅና ሰው ልንሆን ነው በለኛ።»

መሐንዲሷ አልዋሸችም፤ ያኔ ፕላኑ ላይ ነበር። ግን ሥራው ተጋምሶ ሳለ ወጪው ናረና የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ቢሮው ጠራት። ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከበላይ የመጣበትን ወደ ታች የሚያሳልፍ ሰው ነበር።

«ማቆሚያውና መብራቱ ለሁለተኛው ምዕራፍ ይቆዩ ተብሏል» አላት።

«ሁለተኛው ምዕራፍ መቼ ነው?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ?»

«ጌታዬ፣ ከባድ መኪና ማቆሚያ ካጣ ጠርዝ ላይ ነው የሚቆመው። ቁልቁለት ነው፤ ኩርባ አለው። ሰው ያልቃል።»

«ካልፈረምሽ መንገዱ በሙሉ ለከርሞ ይተላለፋል። ለከርሞ ደግሞ ማን እንደሚኖር አናውቅም። ምረጪ።»

እሷም የሆስፒታሉን መጋረጃ አሰበች። በየጠዋቱ ማነቆው ላይ ጥሩምባውን እያስጮኸ የሚቆመውን አምቡላንስ አሰበች። ፈረመች። ለአባቷ አልነገረችውም። ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ስትል፣ ነገሩ አንዴ ካደረ የማይነሳ ድንጋይ ሆነባት።

መንገዱ የተከፈተ ለት ከተማው ጆሮው ላይ ያለ ነገር የተነሳለት መሰለ። ሰው የወንዙን ድምፅ ሰማ። ሽማግሌዎች መንገዱ መሐል ቆመው ተወያዩ። መሐንዲሷ ድልድዩ ላይ ቆማ ሳለ አምቡላንስ መጣ፤ ጥሩምባ ሳያስፈልገው እልፍ አለና ሆስፒታሉ ግቢ ገባ። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው፤ የድልድዩን ብረት ይዛ፣ ሰው እንዳያያት ፊቷን ወደ ወንዙ አዙራ።

ጸጥታው ግን በዚያ አላቆመም። መጀመሪያ ምግብ ቤቱ ዘጋ። ቀጥሎ መለዋወጫ ሻጩ ዕቃውን ጭኖ ሄደ። ጋሽ ጎማ በየማለዳው ጎሚስታውን ይከፍታል፣ ቸርኬውን ይወለውላል፣ የተወለወለውን መልሶ ይወለውላል፣ ይቀመጣል። አንዳንዴ የሠፈር ልጅ ብስክሌት ይዞ ይመጣል። እትዬ ትኩስ አጠገቡ ተቀምጣ ባዶውን መንገድ ታያለች።

«ድሮ ጭስ እየበላን ሻይ እንሸጥ ነበር» ትላለች። «ይኸው አሁን ንጹሕ አየር እየበላን እንውላለን። እድሜ ለልጅህ!»

«ተይ አንቺ።»

«ምን አልኩ? ጤና ነው። በባዶ ሆድ ደግሞ አየር ሲወርድ ይሰማል።»

ለልጅቱ ፊት ለፊት አትናገራትም። ልጅቱ ግን ሰምታለች። የአንዱ ሰርግ ለአንዱ ልቅሶ የሚባለው ተረት ቤታቸው ገብቶ አብሯቸው ይበላ ጀመር። ማታ ማታ አባቷ፣ «ያ ቦታ ምን ደረሰ?» ይላታል። እሷም «ገና ነው አባዬ» ትላለች። እውነት ነው፤ ገና ነው። ውሸትም ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን መሐንዲሷ በጽሕፈት ቤቱ መኪና አዲሱን መንገድ ለመቃኘት ወጣች። የፋብሪካውን ቁልቁለት ወርዳ ኩርባውን ስትዞር፣ መንገዱ ዳር እንጨት ላይ የተሰቀለ አሮጌ ጎማ አየች። ከጎማው ሥር ክሪክ፣ ኮምፕረሰር፣ የውኃ በርሜል። ከበርሜሉ ጎን በበርጩማ ላይ አባቷ።

መኪናዋን አቁማ ወረደች። ተሳቢ ሲያልፍ ነፋሱ ቀሚሷን ገፍቶ አንገዳገዳት።

«አባዬ፣ ምን እያደረግህ ነው?»

«ሥራ።»

«እዚህ መኪና እንዴት እንደሚከንፍ አታይም?»

«አያለሁ እንጂ። ማነቆ ላይ ሰልፉ ነበር የሚያቆማቸው፤ እዚህ ጎማቸው ካልፈነዳ ማንም አያቆማቸውም። ሲፈነዳ ግን ያው መቆማቸው አይቀርም።»

«ክልክል ነው። እኔ ራሴ ነኝ የማስነሳህ፤ ሥራዬ ነው።»

«እንግዲያው ቦታዬን ስጪኝና አስነሺኝ። የት ነው ያ መብራት ያለው ቦታ?»

ከዚህ በኋላ መሸሽ አልቻለችም። ነገረችው። ማቆሚያው ከፕላኑ እንደወጣ፣ ለሁለተኛው ምዕራፍ እንደተላለፈ፣ እሷም እንደፈረመች። ጋሽ ጎማ በርጩማው ላይ እንዳለ ሰማት። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ በወደደች።

«መፈረምሽስ ይሁን» አለ በመጨረሻ። «እኔም ብሆን እፈርም ነበር። ይህን ሁሉ ጊዜ ደጅ ስታስጠኚኝ ግን... አባትሽን?»

የመኪናዋን ቁልፍ ከእጅ ወደ እጅ አገላበጠች።

«ሂጂ በይ። ጎማ ሲፈነዳ ሁለተኛ ምዕራፍ አይጠብቅም።»

ሄደች። ልታስነሳው አልቻለችም፤ ትታው ልትሄድም አልቻለችም። በማግስቱ ከጽሕፈት ቤቱ መጋዘን መንገድ ሲሠራ የሚደረደሩትን ብርቱካንማ ኮኖች ጭና መጣችና፣ በመኪና መሄጃውና አባቷ በተቀመጠበት ጠርዝ መካከል ደረደረችለት። «ከእነዚህ አትውጣ» አለችው። ማንንም አላስፈቀደችም። ማቆሚያው በአስቸኳይ እንዲሠራ ለኃላፊው ደጋግማ አመለከተች። ኃላፊውም ደጋግሞ «ቀርቧል» አላት።

የኮኖቹ ነገር ያላሰበችውን አመጣ። ያየ ሁሉ ቦታው የተፈቀደ መሰለው። ሹፌሮች ጎማቸው ደህና ሆኖም ለማረፍ ይቆሙ ጀመር። አንዲት በቆሎ ጠባሽ መጣች፤ ሲጋራና ካርድ የሚሸጥ መጣ። ፖሊስ አንድ ሁለቴ በተናቸው፤ ፖሊሱ ዞር ሲል ተመለሱ። እትዬ ትኩስ ግን ለብዙ ጊዜ እንቢ አለች።

«እኔ ከዚያ ነፋስ ላይ አልወጣም» አለች። «መኪና ሲቆም ነው የማውቀው። የሚሮጥ መኪና አያምረኝም።»

ጋሽ ጎማ ነው ያግባባት። «ምን ይሁን ብለሽ ባዶ መንገድ ታያለሽ? ኮን አለ፤ ልጄ ያስቀመጠችው ነው። ሹፌሮቹ ሁሉ ይጠይቁኛል፤ ትኩስ የት ሄደች ይላሉ» አላት። ይህ የመጨረሻው ነገር አሸነፋት። በማግስቱ ፔርሙሷን አጥባ ወጣች። ሹፌሮቹ ሲያይዋት ጥሩምባ ነፉላት። ያን ቀን አመሻሽ ወንድሟን፣ «ያው አልሞትንም ለካ» አለችው።

መሐንዲሷ አክስቷን እዚያ ስታያት ደነገጠች፤ ግን ስትስቅም አየቻት። ከሰነበተው ኩርፊያ በኋላ አክስቷ ትከሻዋን ያዝ አድርጋ፣ «ነይ አንቺ የመንገድ እመቤት፣ ሻይ ጠጪ» ስትላት ሻዩን ጠጣችና ኮኖቹን ጥቂት አራርቃ ሌሎች ጨመረችላቸው።

ዝናብ በጣለበት አንድ ከሰዓት ሆነ። ከወደብ የመጣ ተሳቢ የኋላ ጎማው ፈንድቶ ከኮኖቹ ጀርባ ቆሞ ነበር። የፈነዳው በመንገዱ በኩል ያለው ነው። ጋሽ ጎማ ተንበርክኮ ቡሎን ይፈታል። እትዬ ትኩስ ላስቲክ ከራሷ ላይ ደፍታ አንድ ብርጭቆ ሻይ ይዛለች፤ «ቅመስና ፍታ፤ እጅህ ቀዝቅዟል» እያለችው ነበር። ከቁልቁለቱ ሲሚንቶ የጫነ መኪና ወረደ። ሹፌሩ ኩርባውን ሲዞር በዝናቡ ውስጥ የኮን ረድፍ ታየው። መንገዱ ሲሠራ በነበረበት ዘመን «ከኮኑ በስተቀኝ እለፉ» እየተባለ የነዳ ሰው ነው፤ አሁንም መንገዱ የሚጠገን መሰለው። መሪውን ወደ ቀኝ አዞረ። ኮኖቹን በግራው አድርጎ ገባ። ቆሞ የነበረውን ተሳቢ ያየው ከዚያ በኋላ ነው።

ፍሬን ያዘ። እርጥብ ቁልቁለት ላይ ሲሚንቶ የጫነ መኪና ፍሬን ተያዘ አልተያዘ አንድ ነው።

እትዬ ትኩስ መኪናውን ከወንድሟ ቀድማ አየችው። የበቆሎዋ ሴት በኋላ እንደተናገረችው፣ ብርጭቆውን ጥላ በሁለት እጇ ገፈተረችው። ጋሽ ጎማ ተገፍትሮ ከተሳቢው ሥር ወደቀ፤ ቀኝ እጁ ብቻ ውጭ ቀረ። እሷ ራሷ የምትሄድበት አልነበራትም።

መሐንዲሷ ስልክ ሲደወልላት ስብሰባ ላይ ነበረች። በዚያ መንገድ ላይ እንደዚያ ቀን ነድታ አታውቅም። የሚያግድ የለ፣ የሚያቆም የለ። ስትደርስ አምቡላንሱ ቀድሟት አባቷን ጭኖ ሄዷል። አክስቷን እስከ ፊቷ በዚያ የዝናብ ላስቲክ ሸፍነዋታል። ሲሚንቶው ከረጢቱ ፈንድቶ በዝናቡ ውኃ ላይ ፈስሶ ይረጋ ነበር። የሲሚንቶው መኪና ሹፌር መንገዱ ዳር ተቀምጦ፣ ለሚያልፈው ሁሉ «ኮን ነበር... ኮን ነበር እኮ» ይላል። ወጣት ነው። ሰው ሊመታው ሲል የትራፊክ ፖሊሱ ይዞ መኪናው ውስጥ ዘጋበት።

ሆስፒታል ሐኪሙ ደም የነካውን ጓንት እያወለቀ፣ «ቀኝ እጁን ማዳን አልቻልንም፤ እሱ ግን ይተርፋል» አላት። «ቶሎ መድረሱ ነው ያተረፈው። በድሮው መንገድ ቢሆን ደሙ እዚያው ባለቀ ነበር።»

ሐኪሙ ያጽናናት መስሎት ነው። እሷ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች።

ከቀብሩ ማግስት ኃላፊው ጠራት። በሩን ዘጋ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ኮኖቹ ላይ የጽሕፈት ቤታችን ማኅተም አለ። ፖሊስ ጠይቆኛል። መጋዘን ተሰብሮ ተሰርቆ ነው ብለናል፤ ነጋዴዎቹ ራሳቸው ሰርቀው ነው ያስቀመጡት።»

«ነጋዴዎቹ አክስቴና አባቴ ናቸው።»

«አውቃለሁ፤ ነፍስ ይማር። ግን የሞተ ሰው አይከሰስም። አባትሽንም በዚህ ሁኔታው ማንም አይነካውም። ሹፌሩ ደግሞ የራሱ ጥፋት ነው፤ ሊከሰስ ነው። አንቺ ትተርፊያለሽ፤ እኔም እተርፋለሁ።»

«ማቆሚያውስ?»

«ማቆሚያው እንዲያውም ተፈቅዷል» አለ ኃላፊው። ዓይኑን ከጠረጴዛው አላነሳም። «ከበላይ ትናንት ደወሉ። አደጋው አስደንግጧቸዋል።»

መሐንዲሷ ቆማ ብዙ አየችው። ከዚያ ወጥታ በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ሄደችና ኮኖቹን ያስቀመጠችው እሷ እንደሆነች፣ ሳታስፈቅድ እንዳስቀመጠች፣ ያለምልክት በኩርባ ላይ መደርደሯም ሹፌር ሊያሳስት እንደሚችል ማወቅ የነበረባት እሷ እንደሆነች ቃል ሰጠች። ቃሉን የሚጽፈው ፖሊስ መሐል ላይ ብዕሩን አስቀምጦ፣ «እህቴ፣ ጠበቃ የለሽም?» አላት።

«ጻፍ» አለችው።

ያን ማታ ለአባቷ ነገረችው። ሆስፒታል አልጋው ላይ ነው፤ ቀኝ እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ የሕፃን ጭንቅላት አክሏል።

«እኔ ነኝ የወሰድኳት» አለ። «እንቢ ብላኝ ነበር። ልጄ ኮን አስቀምጣለች ብዬ ነው የወሰድኳት።»

«ኮኑን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ አባዬ።»

«ያስቀመጥሽው ለእኔ ነው።»

«ማቆሚያው እንዲቀር የፈረምኩት እኔ ነኝ።»

ጥፋቱን እንደ ርስት ተሻሙበት። አንዱ ለአንዱ ሊለቅ አልፈለገም። አጠገባቸው የተኛው በሽተኛ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረላቸው።

ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። እሷ ከሥራ ተባረረች፤ የእስር ቅጣቱ በገደብ ሆነላት። ሹፌሩ በቃሏ ምክንያት ክሱ ቀለለትና ተለቀቀ፤ መንጃ ፈቃዱን ግን ለጊዜው ወሰዱበት። ኃላፊው ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረ፤ አንዳንዱ ዕድገት ነው ይላል። ማቆሚያው ተሠራ። መብራት አለው፣ ውኃ አለው። ለጋሽ ጎማ የመጀመሪያው ቦታ ተሰጠው። ከጽሕፈት ቤቱ የተላከ ሰው ወረቀት ይዞ ቤቱ ድረስ መጥቶ «ይፈርሙ» ሲለው ጋሽ ጎማ የቀረችውን እጁን ዘረጋና፣ «በግራ መፈረም አልለመድኩም፤ ለበቆሎዋ ሴት ስጧት» አለ።

ሹፌሩ ከተለቀቀ በኋላ አንድ ቅዳሜ በር ተንኳኳ። መሐንዲሷ ከፈተች። አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ፣ ሌላ ትንሽ ልጅ በእጇ ይዛ ቆማለች። የሹፌሩ ሚስት ነኝ አለች። ከዚያም ማንም ሳይከለክላት ተንበርክካ የመሐንዲሷን እግር ልትስም ጎነበሰች።

«ተይ! ተነሽ፣ በፈጠረሽ!» መሐንዲሷ ወደ ኋላ ሸሸች። «ምን አድርጌልሽ ነው? ተነሽ!»

«የልጆቼን አባት ሰጥተሽኛል» አለች ሴትየዋ፣ መሬት ላይ እንዳለች። «የሞተችው ደግሞ የሥጋ ዘመድሽ ናት። እኔ ብሆን አላደርገውም ነበር። እውነቴን ነው የምልሽ፣ አላደርገውም።»

መሐንዲሷን ምስጋናው ከፍርዱ ይልቅ ከበዳት። ልታባርራት ፈለገች፤ አቅፋ ልታለቅስባትም ፈለገች። ሁለቱንም ሳታደርግ በሩን ይዛ ቆመች።

ጋሽ ጎማ ከውስጥ ወጣ። ሴትየዋን አየ። ጀርባዋ ላይ ያለውን ሕፃን አየ። ሴትየዋ እሱ ማን እንደሆነ ከእጁ አወቀችና ፊቷ አመድ መሰለ።

«ምን መሬት ላይ ታስቀምጫታለሽ?» አለ ልጁን። «ሕፃን ይዛለች። አስገቢያት፤ ወንበር ስጫት።»

ገባች። ተቀመጠች። ትንሹ ልጅ ምንም አያውቅምና የጋሽ ጎማን ባዶ እጅጌ ጫፍ ይዞ ይጎትት ጀመር። እናቱ ልትቆጣው ስትል ጋሽ ጎማ «ተይው» አላት። «ባልሽ እንዴት ነው?» ብሎ ጠየቀ። «አይተኛም» አለች። «እኔም አልተኛም» አለ እሱ። «ንገሪው። እንቅልፍ ያጣው ብቻውን እንዳይመስለው።»

ሴትየዋ ስትሄድ መሐንዲሷ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ሸኘቻት። ስትመለስ አባቷ ጎሚስታው በር ላይ ቆሞ ቁልፉን በግራ እጁ ለማዞር ይታገላል። ላግዝህ አላለችውም። አጠገቡ ቆማ ጠበቀችው። ከብዙ ትግል በኋላ ቁልፉ ዞረለትና ሁለቱም ወደ ውስጥ ገቡ።